ጫት ከገባ በኋላ፣ በጓሮ በር

ቅዳሜ

በጓሮ በር! ማዳም ሩቂያ የምሥራች ብላ ደውላ የነገረችኝ ይህን ነው። ክሊኒኩ ልጆቻችንን ለማከም ተስማምቷል። ግን ከሰባት ሰዓት በኋላ፣ የዕለቱ ጫት ገብቶ የጅቡቲ ከተማ ለመቃም ሥራ ከዘጋ በኋላ፣ በጄኔሬተሩ በኩል ባለው በር። «እልል አትልም እንዴ?» አለችኝ። አላልኩም።

ለምን በዚያ ሰዓት? ለምን በዚያ በር? አልጠየቀችም። ደስ ካላት አትጠይቅም።

ሳልናደድ ልጻፈው። የአካል ጉዳትና የአእምሮ እድገት ችግር ያለባቸው ልጆች ወላጆች ማኅበር አለን። ሩቂያ ሊቀመንበር ናት፣ እኔ ጸሐፊ። ለልጆቻችን የጥርስ ሕክምና ድጋፍ አግኝተናል፤ አንድ ክሊኒክ መርጠን የአንድ ዓመት ውል እንገባለን። ውሉን ያረቀቅሁት እኔ ነኝ። በየሳምንቱ አንድ ቀን ለእነሱ ብቻ። ልጅን በጉልበት ይዞ ማከም ክልክል። ወላጅ ከአጠገብ አይርቅም። ስለ በር የጻፍኩት የለም። በር ያከራክራል ብዬ አላሰብኩማ! ሐሙስ ሁለታችንም ካልፈረምን ውል የለም።

ሌላ ክሊኒክም የለም። የጠየቅናቸው ሁሉ «ሙሉ በሙሉ ካላደነዘዝናቸው አንነካም፤ ውጭ አገር ውሰዷቸው» ነው ያሉን።

ቤዛ ዛሬም በግራ በኩል ብቻ አኘከች። ቀኝ ጉንጯን በመዳፏ ትመታለች። ልጄ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ኦቲዝም አለባት፣ አትናገርም። ያመማትን የምታሳየን እንዲህ ነው። አምና አንድ ቦታ ወስደናት አራት ሰው ተጭኗት አፏን በግድ ከፈቱ። የአንዱን ጣት ነከሰች። ደግ አደረገች። ከዚያ ወዲህ ግን የጥርስ ብሩሽ ስታይ ጠረጴዛ ሥር ትገባለች። አፏን ያየ ሰው የለም፣ እናቷም ጭምር።

እሑድ

ከሥራ አስፈቅጄ ክሊኒኩ ወዳለበት ቡላኦስ ሰፈር ሄድኩ። ሳላይ አልፈርምም። ወደብ ላይ የምሠራው የኮንቴይነር ማኅተም መመርመር ነው፤ «ደህና ነው፣ እለፈው» ያለኝን ሁሉ ባምን ኖሮ እስካሁን ጋቦዴ እስር ቤት ነበርኩ፣ ከቤቴም ብዙ አይርቅም።

ሐኪሟ ዶክተር ሐዋ ትባላለች፤ የጅቡቲ ልጅ ናት፣ ሠላሳዎቹን ገና የጀመረች። ገና ስገባ «ና፣ ቁጭ በል። ምን ሆንክ የኔ ጌታ?» አለችኝ። እኔን! ከነሽበቴ! ኋላ እንደነገረችኝ አማርኛውን የለመደችው በልጅነቷ ካሳደገቻት ኢትዮጵያዊት የቤት ሠራተኛ ነው። የምታውቀው ሕፃን የሚባበልበትን ብቻ ነው። ወደ ፈረንሳይኛ ወሰድኳት። እሷ መልሳ ወደ አማርኛ።

«ለምንድን ነው ጫት ከገባ በኋላ?» አልኳት።

«ጸጥ ይላላ።»

«ሌላ ምክንያት የለውም?»

ጓንቷን አወለቀች። «ነገ ልጅህን አምጣት፣ እሺ?»

ደግሞ «ነገ ጥርሷን አልነካም፤ በሚቀጥለውም ላልነካ እችላለሁ» አለች። የማይነካ የጥርስ ሐኪም! ወይ ሥራውን አታውቅም፣ ወይ ልጆቻችንን ተቀብላ መሸኘት ብቻ ነው የታዘዘችው። ወይስ እሷም በዚያ ሰዓት ትቅማለች? ስወጣ ጉንጯን አየሁ። ባዶ ነው። ግን ገና ረፋድ ነበር፤ ምንም አያስረዳም።

ሰኞ

ጫቱ ሲገባ ከተማው ያብዳል። ጡሩምባ፣ ሩጫ፣ ታክሲው መሀል መንገድ ይቆማል። ከዚያ ጭር። በዚያ ፀሐይ እኔና ባለቤቴ ሰብለ ቤዛን መሀል አድርገን በጄኔሬተሩና በቆሻሻ ገንዳው መካከል ገባን። ደረጃ አለው፣ ጠባብ። ዕቃ የሚያራግፉበት በር ነው። «ተው አሁን» አለችኝ ሰብለ። አንድ ቃል አልተናገርኩም ነበር።

ቤዛ ወንበሩን አልፋ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ዶክተር ሐዋም ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ከዚያስ? ከዚያ ምንም። ቤዛ ከኤሲው ድምፅ ጋር ማንጎራጎር ጀመረች፤ ቤት ከፍሪጁ ጋር እንደምታደርገው። ሐዋ አንገቷን ዘመም አድርጋ ሰማቻት። «ልክ ያዘችው እኮ! እሰይ የኔ ማር!» አለች። ይኸው ነው። ወደ ቤት።

መንገድ ላይ ሰብለን «ምን ሠራች?» አልኳት።

«ምንም።»

«እኮ!»

«አንተ ደግሞ! ቤዛ ሳትጮህ ከሐኪም ቤት የወጣችበትን ሌላ ቀን እስቲ ጥራልኝ።»

ግን አንድ ጸጥተኛ ቀን ማስረጃ አይሆንም።

ማክሰኞ

ጥርሴን አሞኛል ብዬ በፊት ለፊቱ በር ገባሁ። ውሸቴን ነው። ሰፊ የመስታወት በር፣ ከውጭ የሚጠቀለል የብረት መዝጊያ አለው፤ ከመንገዱ እኩል ነው፣ ደረጃ የለውም። ተቀምጬ ጠበቅሁ። ሕፃን ያለቅሳል፣ ቴሌቪዥኑ ይለፈልፋል፣ ስልክ ይጮኻል፣ የመቦርቦሪያው ድምፅ ግድግዳውን አልፎ ደህናውን ጥርስ ያሳክካል። ቤዛ እዚህ ብትሆን ጣሪያው ይነሣ ነበር። ይህን ለሐዋ እመሰክርላታለሁ።

ከዚያ ሽቶዋ ቀድሟት የገባች አንዲት ወይዘሮ እንግዳ ተቀባይዋን በፈረንሳይኛ ጠየቀቻት። «እነዚያ ልጆች እዚህ ይታከማሉ የሚባለው እውነት ነው?»

«አያስቡ ማዳም። እርስዎ ከሄዱ በኋላ ነው፣ በሌላ በር። የክሊኒኩ ባለቤት አስበውበታል።»

ይኸው! ደስ አለኝ። ልጄ እንደ ቆሻሻ በጓሮ እንድትገባ መደረጓን በጆሮዬ ሰምቼ፣ የጠረጠርኩት ልክ በመሆኑ ደስ አለኝ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ? ስሜ ሲጠራ «ተሽሎኛል» ብዬ ወጣሁ።

ለሩቂያ ደወልኩ። «አልፈርምም።»

«አንተ የምትፈርመው ለበር ነው ለጥርስ?» አለችኝ።

ዘጋሁባት። መልሳ አልደወለችም።

ረቡዕ

ጠዋት የቤዛ ጉንጭ አብጧል። ራሷን እየመታች ነው፤ እጇን ሲይዟት በሌላኛው ትመታለች። ሰብለ እኔን ሳትጠይቅ ለዶክተር ሐዋ ደወለች። ያው ሰዓት፣ ያው በር። ሄድኩ። ምን ላድርግ?

ከደረጃው ሥር ቆሜ፣ ትናንት የሰማሁትን ሁሉ ለሐዋ ነገርኳት። ትክዳለች ብዬ ጠብቄ ነበር።

«እንዳትቆጣኝ እሺ? ሁለቱም እውነት ነው» አለች። «ባለቤቱ ደንበኛ እንዳያያቸው ብሎ ይህን ሰዓት ሰጠኝ። እኔ ድሮም የምፈልገው ይህን ሰዓት ነበር። ብከራከረው ይወስድብኛል ብዬ ፈራሁ። ዝም አልኩ።»

«እኔን ያናደደኝ ያ ዝምታዎ ነው» አልኳት፤ በ«እርስዎ»፣ እንዲገባት።

«አውቃለሁ። ግባ አሁን፣ ልጅቷ ታማለች።»

ምራቅ የሚስበውን ቱቦ አስነሥታ ለቤዛ አስያዘቻት። ቱቦው ያንጎራጉራል። ቤዛ ትንሽ አዳመጠችው፣ ከዚያ ድምፁን ያዘች። «አ—» አፏን ከፍታ! ሐዋ ትንሿን መስታወት አስገብታ አየች። የወተት ጥርስ ናት፣ በስብሳለች፣ ሥሯ መግል ቋጥሯል። ዛሬውኑ ትነቀላለች።

የማደንዘዣው መርፌ ላይ ጮኸች። ተነሥታ ጥግ ገባች። ልይዛት ስነሣ ሐዋ «ቁጭ በል!» አለችኝ። ተቀመጥኩ። ጠበቅን። ከውጭ ምንም አይሰማም፤ መኪና የለ፣ ሰው የለ፣ ቱቦው ብቻ። ሰብለ መቀነቷን ስትጠመዝዝ አየኋት። ቤዛ ራሷ ተመለሰች። ቱቦውን አነሣች። «አ—»

ጥርሷ ወጣች። ማንም አልያዛትም። «እሰይ የኔ ጎበዝ!» አለች ሐዋ። ለቤዛ መስሎኝ ነበር። ስትል የምታየው እኔን ነው።

ሐሙስ

ሩቂያ ቤት፣ ውሉ ጠረጴዛው ላይ። ሰዓቱን ተቀብያለሁ። ጸጥታው እውነት ነው፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ግን ከታች በእጄ አንድ መስመር ጨመርኩ፦ ልጆቹ የሚገቡት ሌላው ታካሚ ሁሉ በሚገባበት በር ነው።

ሩቂያ አነበበችው። «የአንተማ ልጅ ተነቅሎላታል!»

እውነቷን ነው። ምን ይመለሳል? ባለቤቱ እንቢ ቢል የሚቀረው የእሷ ልጅ ነው፤ ያሲን አንድም ጤነኛ ጥርስ የለውም። ብዕሩን መልሼ አነሣሁ። ልሰርዘው ነበር።

ከዚያ ጠየቅኋት። «የጓሮውን በር አይተሽዋል?»

«በስልክ ነው የነገሩኝ።»

«ደረጃ አለው። ጠባብ ነው። የያሲንን ተሽከርካሪ ወንበር ማን ያነሣልሻል?»

ብዕሩን ከእጄ ወሰደች። ከዚያ ከመስመሩ አጠገብ ፈረመች፣ ብዕሩን ወደ እኔ ወረወረችው። «ካባረሩን ግን ያሲንን አንተ ነህ የምታክመው። በፒንሳ!»

ላክነው። ለልጆቹ ነው የጻፍኩት ወይስ ለማክሰኞዋ ወይዘሮ?

ዓርብ

ቤዛ የዳቦውን ቅርፊት በሁለቱም ጉንጭ እያኘከች ነው። ቀስ ብላ፣ እንደተጠራጠረ ሰው። በዚህ እኔን ትመስላለች። ሰብለ በር ላይ ቆማ ታያታለች።

ቀኑን ሙሉ ስልክ ጠበቅሁ። አመሻሽ ላይ ሩቂያ ደወለች። ባለቤቱ ተስማምቷል፤ የፊቱ በር ይሁን ብሏል። ግን የብረት መዝጊያው የሚነሣው እስከ ግማሽ ብቻ ነው፣ አላፊ አግዳሚው ክሊኒኩ የተከፈተ እንዳይመስለው።

እንዳይመስለው! አላፊ አግዳሚ በዚያ ሰዓት ከየት መጥቶ?

«ያሲን በወንበሩ ያልፋል። ቤዛም ቀጥ ብላ ትገባለች» አለች ሩቂያ። «የምናጎነብሰው እኔና አንተ ነን፣ አንተ ቀብራራ!» እየሳቀች ዘጋችው።

እኔም ሳቅሁ መሰለኝ። ግን ግማሽ ማለት እስከ የት ነው? አልተጻፈም። ሰኞ ከሁሉም ቀድሜ ሄጄ፣ ሲያነሡት ቆሜ አያለሁ።