ድምፅ የማያሰማ ቦርሳ

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 8፣ 2012

አሮጌውን የአደን ቦርሳ ከቤዝመንት አወጣሁት። ማንገቻው አምና የተቀደደ ነው። ሰፍቼው ነበር... ሳብ ባደርገው ተተረተረ። ከታች ያለው የደም እድፍ ጠቁሮ ቀርቷል። ሚስቴ ሰገነት አፍንጫዋን ይዛ፣ ወይ እሱ ይውጣ ወይ እኔ ልውጣ አለች። በየዓመቱ የምትለው ነው።

አዲስ ልገዛ ነው። እስከ ዛሬ አንድ አጋዘን የሁለት ጀርባ ሸክም ነበር። ግማሹን እኔ፣ ግማሹን ጓደኛዬ ፋሩቅ፣ ከጫካው እስከ መኪናው። ዘንድሮ ፋሩቅ ጃኬቱንም መሸከም አይችልም። ስለዚህ ለብቻዬ የሚበቃ ቦርሳ...

የካንሰሩን ኬሞ አቁመውለታል። ከእንግዲህ የሚወደውን ያድርግ ብለዋል ሐኪሞቹ። የሚወደው ደግሞ ይታወቃል። ትናንት ኮል አድርጎ፣ "አንድ አጋዘን በገዛ እጄ፣ ለቤቴ። ከዚያ በኋላ አላስቸግርህም" አለኝ። ይህን ሲል ተናደድኩበት። መቼ አስቸገርከኝ?

ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 12

ትናንት እንቁጣጣሽ ነበር። ፋሩቅ እንደ ሁሌው ከሁሉ ቀድሞ ደወለ። ድምፁ ሳስቷል።

ሰገነት ዛሬም ቀለደችብኝ። እህል ተሸክማ ጭድ የምትበላ አህያ ነህ ትለኛለች። እውነቷን ነው። አሥራ ስድስት ዓመት ሳድን አንድ ቀን የአጋዘን ሥጋ አልቀመስኩም። የፋሩቅን አልበላም፣ የሙስሊም ሥጋ ነው። የእኔን ደግሞ ነፍሱ ሳይወጣ ደርሼ፣ በስመ አብ ብዬ በቢላ ካልባረክሁት በክት ነው፤ ሰገነት ደጃፏን አታስረግጠውም። ፍላጻዬን ለቅቄ ቢላዬን መዝዤ እሮጣለሁ... ስደርስ ሞቷል። ሁልጊዜ። ሥጋው ለእርሻው ባለቤት ለዳግ ይሰጣል። ፋሩቅ ግን ፍላጻውን ሲለቅ ቢስሚላህ ይላል፣ በቃው። በሕይወት ከደረሰበት ብቻ ነው ራሱ የሚያርደው።

አደኑን ያመጣውም እሱ ነው። ዳግ ከሐኪም ቤት ሲመለስ በፋሩቅ ታክሲ የተሳፈረ ሽማግሌ ገበሬ ነበር። አጋዘን በቆሎዬን ጨረሰው ብሎ ሲያማርር፣ እኛ እንምጣልህ አለው። እኛ ሲል እኔን ሳይጠይቅ ነው።

የማይበላውን የእኔን ሥጋ ተሸክሞልኛል፤ የማልበላውን የእሱን ተሸክሜለታለሁ። "አንተ ሽታውን፣ እኔ ጣዕሙን" እያለ ይስቅብኛል። ጣዕሙን ሲያወራ አያልቅበትም። ፍየል ነው ይላል፣ ግን ኑሮ አስጨንቆት የማያውቅ ፍየል። መጨረሻው ላይ ለውዝ ለውዝ ይላል ብሎ ይምላል። ትዋሻለህ እለዋለሁ። ቅመስና ፍረድ ይለኛል።

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 15

ፋሩቅን ከሚኖርበት ከጄን ኤንድ ፊንች ሰፈር ወስጄ ወደ አደን ዕቃ መሸጫው ሄድን። ሚስቱ ሀፍሳ ደግፋ በሊፍት አወረደችው። በዚህ ሙቀት ካፖርት አልብሳዋለች። የመኪናውን በር ይዛ፣ "እንስሳው በሕይወት ከተገኘስ? እሱ እዚያ ድረስ መሄድ አይችል" አለች። እኔ አላሰብኩትም ነበር። ፋሩቅ አስቦበታል። ተሻገር ይሸከመኛል አላት፣ እኔን እያሳየ። የቀለደ መስሎኝ ነበር።

ሱቁ ውስጥ ሻጩ ልጅ ስለ ቦርሳዎቹ ኪሶችና ስለ መጠጫ ውኃ ቱቦው ያወራል። ፋሩቅ ጫማ መለኪያው ወንበር ላይ ተቀምጦ ዓይኑን ጨፈነ። በጥፍርህ ቧጭረው አለኝ። የአንዱን ቦርሳ ጨርቅ ቧጨርኩ። "ቆርቆሮ" አለ። ሌላውን... "የቺፕስ ከረጢት።" በጠመንጃ የሚያድን ሰው ምን ቸገረው፣ ከሩቅ ነው የሚተኩሰው። እኛ አጋዘኑ አጠገባችን ድረስ እስኪመጣ ነው የምንጠብቀው። ቅርንጫፍ ጨርቁን ነክቶት ኮሽ ካለ አለቀ፣ ቀኑ በከንቱ ሄደ። አራተኛው ላይ ፋሩቅ ዝም አለ። ቧጭረው እንጂ አለኝ። እየቧጨርኩ ነው አልኩት። ዓይኑን ገልጦ ሳቀ። ከታመመ ወዲህ እንዲህ ሲስቅ አላየሁትም።

ጨርቁ እንደ በግ ፀጉር ለስላሳ ነው። ፍሬም አለው፤ ቦርሳው ከፍሬሙ ይላቀቅና ሥጋው በመሃል ይታሰራል። ደሙ ልብስ ውስጥ አይገባም፣ ሸክሙም ከጀርባ አይርቅም። ክብደቱን የሚይዘው ሰፊ የወገብ ቀበቶ ነው፣ ትከሻ ያርፋል። ልጁ መሞከሪያ የአሸዋ ከረጢት አመጣ። "አሸዋውን ተወው፣ እኔን ጫነኝ" አለ ፋሩቅ። ለካ ለሀፍሳ የነገራት የምሩን ነው። ከፍሬሙ ላይ አስቀምጬ በማሰሪያዎቹ አጠበቅሁት፣ ጀርባው ለጀርባዬ። ልጁ ምን እንደምናደርግ ሲያይ ደነገጠ። ተንበርክኬ ተነሳሁ። "በክት እንዳታደርገኝ፣ ቀስ በል" አለኝ ከኋላዬ።

አልከበደኝም። ያ ግዙፍ ሰውዬ... አልከበደኝም። ካወረድኩት በኋላ ድንኳኖቹ ወደተሰቀሉበት ሄጄ አለቀስኩ። ተመልሼ ገዛሁት።

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 30

ቦርሳውን በሩዝ ከረጢት ሞልቼ ከሰፈራችን በታች ያለውን ሸለቆ ስወጣ ስወርድ ዋልኩ። ውሻ ይዘው የሚሄዱ ሰዎች መንገድ እየለቀቁልኝ አለፉ። ትከሻዬ ደህና ነው። ጉልበቴ ግን...

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 6

ዛሬ ልንሄድ ነበር። ሲያስመልሰው አደረ አለችኝ ሀፍሳ። በሚቀጥለው ሳምንት ተባባልን። ሳምንት አለው ግን?

እሑድ፣ ኦክቶበር 14

ትናንት መጻፍ አልቻልኩም። 

ከዳግ እርሻ በስተጀርባ፣ ጫካው ጠርዝ ላይ ድንኳን ተክዬ ፋሩቅን በታጣፊ ወንበር አስቀመጥኩት። ቀስት መሳብ ካቃተው ወዲህ ክሮስቦው ነው የያዘው። እኔ በማዞሪያው ወጥሬ እሰጠዋለሁ፣ እሱ እንደ ጠመንጃ ቃታውን ይስባል። ከሰዓት በኋላ አንዲት አጋዘን ብቅ አለች። ቢስሚላህ ሲል ሰማሁት፣ በሹክሹክታ። መታት። ሮጣ ጥሻ ውስጥ ገባች።

ጥቂት ቆይተን ሂድ አለኝ። ቦርሳውን አንግቼ የደም ጠብታ እየተከተልኩ ሄድኩ። ቃላችን ግልጽ ነበር። ሞታ ካገኘኋት ብልቷን አውጥቼ አመጣለሁ። በሕይወት ካገኘኋት ሳልነካት ተመልሼ እሱን ተሸክሜ እወስዳለሁ፣ ራሱ ያርዳታል።

አንድ ጅረት አጠገብ ወድቃለች። ትተነፍሳለች። ቀና ብላ አየችኝ።

ያን ሁሉ ዓመት ቢላ ይዤ ስሮጥ፣ አንድ ቀን እንኳ በሕይወት ደርሼ አላውቅም። ትናንት ደረስኩ። እጄ ቢላውን መዘዘ፣ አፌ በስመ አብ ወወልድ አለ... ደሟ እጄን ሲያሞቀው ነው የማን አጋዘን እንደሆነች የታወሰኝ።

ምን አደረግሁ? ምን አደረግሁ አንተ ሰው?

እዚያው ተቀመጥኩ። ባልነግረውስ? ሞታ አገኘኋት ብለውስ? ማን አየኝ? ሀፍሳ ድስቷን አጥባ እየጠበቀች ነው። ይህን አሰብኩ፣ አልዋሽም። ግን የማይበላውን ሥጋዬን ያን ያህል ዘመን የተሸከመልኝን ሰው፣ የማይበላውን ሳያውቅ ላበላው? አልሆነልኝም።

ተመልሼ ነገርኩት። መሬት ላይ ተቀምጬ።  የወንበሩን ጨርቅ በጥፍሩ ይቧጭራል።

"ውሰደኝና ልያት" አለ።

ተሸከምኩት።  ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ሲል በጀርባዬ ይሰማኛል። ቦርሳው ግን ኮሽ አላለም፤ ደህና መርጠናል። አጠገቧ አወረድኩት። አንገቷን ዳበሰ።

"ጥሩ አድርገህ ነው ያረድካት" አለ። "አላሰቃየሃትም።"

"ይቅር በለኝ ፋሩቅ።"

"የእኔማ ቀረ። ያንተ ግን ደረሰ። በል፣ አሁን የምትበላው አገኘህ።"

መጀመሪያ እሱን ተሸክሜ ወደ መኪናው መለስኩት፣ ቀጥሎ ሥጋውን። ሥጋው ከእሱ ይከብድ ነበር።

ሀፍሳ በሩን ስትከፍት ባዶ እጄን አየች። ፋሩቅ ነገራት። "ኸይር ነው" አለች፣ ከዚያ ካፖርቱን ታወልቅለት ጀመር። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 17

ሰገነት ሥጋውን መትራ ፍሪዘር ውስጥ ደረደረችው። ነፍሷ ሳይወጣ ተባርካለች፣ ይህችስ ትበላለች አለች። ነገ ልሥራልህ ትለኛለች። አልፈልግም አልኳት። ከወንድሜ አፍ ነጥቄ ነው የምበላው?

አዲሱን ቦርሳ በቀዝቃዛ ውኃ አጥቤ ሰቀልኩት። ደሙ ለቀቀ።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 22

ፋሩቅ ዘንድ ነበርኩ። አልጋውን ሳሎን፣ መስኮቱ አጠገብ አድርገውለታል። የመጀመሪያ ቃሉ "ቀመስክ?" ነው። አልቀመስኩም አልኩት።

"ቅመስና ኮል አድርግልኝ። ለውዝ ለውዝ ካላለህ ውሸታም በለኝ።"

አንተ ሳይሻልህ እንዴት ብዬ እበላለሁ አልኩት። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ምን አስከፋው? እኔ እኮ ያከበርኩት መስሎኝ ነው።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 26

የእነሱ ዒድ ነው። እንኳን አደረሰህ ልለው ደወልኩ። ሀፍሳ ስልኩን ጆሮው ላይ ያዘችለት። "እህስ?" አለ፣ ሌላ ነገር የለም። ዓርብ እኮ ነው፣ ጾም ነው አልኩት።

እውነት ነው፣ ጾም ነው። ትናንትስ ምን ነበር?

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 30

ሌሊቱን ነፋስ ዛፍ ሲጥል አደረ። ጠዋት ሀፍሳ ደወለች።

ፋሩቅ የለም።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 31

ቀበርነው። አስከሬኑን ሲያነሱ ገባ ብዬ ትከሻዬን ሰጠሁ። ምን አገባህ ያለኝ የለም፣ እንዲያውም አንድ ሽማግሌ ቦታ ለቀቁልኝ። ከሱቁ ቀን ይልቅ ቀለለኝ። ብዙ ሆነን ስለተሸከምነው ነው? ወይስ...

ሲሰግዱበት ከኋላ ቆሜ ነፍስ ይማር እላለሁ፣ በልቤ። ሌላ የማውቀው የለኝም።

እሑድ፣ ኖቬምበር 18

ሀፍሳን ልጠይቃት ሄጄ የፋሩቅን አሮጌ ቦርሳ አውጥታ ሰጠችኝ። ስታየው አላስችል ብሏታል። በመጨረሻው ምን አለ ብዬ ጠየቅኋት። ምነው ባልጠየቅሁ። ከተኛበት ነቃ ባለ ቁጥር ተሻገር ደወለ ወይ ይላት ነበር።

ቤዝመንት ወርጄ ከአዲሱ ጎን ሰቀልኩት። ለብቻዬ የሚበቃኝን ስፈልግ ሁለት ሆኑ።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 22

ቅበላ ነው። ነገ ዓርብ፣ ከነገ ወዲያ የነቢያት ጾም ይገባል። ሥጋው ዛሬ ካልተበላ እስከ ገና ፍሪዘር ውስጥ ሊቆይ ነው። ሥሪው አልኳት ሰገነትን። ዞር ብላ አየችኝ። ቅመም አታብዢበት፣ ጨውና ሚጥሚጣ ብቻ ነው የሚለው አልኳት። የሚለው ማን እንደሆነ አልጠየቀችኝም።

ጠብሳ አቀረበች። አማትቤ አንድ ቁራጭ ጎረስኩ። ቀስ ብዬ አኘክሁ። ፍየል ነው። ደህና የኖረ ፍየል። ሌላ ምንም የለውም ስል... ስውጠው፣ መጨረሻው ላይ መጣ።

ለውዝ።

ማዕዱ ላይ አለቀስኩ። ሰገነት ሳህኗን ገፋ አድርጋ እጄን ያዘችኝ። አንድ ጉርሻና አንድ ስልክ ነበር የጠየቀኝ ሰውዬው። ሌላ ምን ጠየቀኝ? እኔ ያፈርኩት ለራሴ ነው፣ እሱ ግን ጆሮውን ሰጥቶ ሲጠብቅ ቆየ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ስልኩን አነሳሁ። እጄ ወደ ስሙ ሄደ፣ መለስኩት። ሀፍሳ ጋ ደወልኩ። ዛሬ ቀመስኩ አልኳት። ለውዝ ለውዝ ይላል። 

"አውቃለሁ" አለች። "ስሠራው የነበርኩት እኔ አይደለሁ እንዴ?" ከዚያ እሷም አለቀሰች። ስልኩን ሳንዘጋ ብዙ ቆየን።

አልዋሸህም ፋሩቅ። እኔ ነኝ የዘገየሁብህ።