ስምንት መቀመጫ

ሴፕቴምበር 6፣ ቅዳሜ

የታጠበ ልብስ አጣጥፌ ሳልጨርስ ከውጭ ጥሩንባ ሰማሁ። ባሌ ከርት ነው። አዲሱን መኪና ይዞ መጣ። ነጭ፣ ባለ ስምንት መቀመጫ። ጋራዡ ውስጥ ገብቶ በሩ ለጥቂት ተዘጋ።

አሮጌዋን ግራጫ መኪና ለሻጩ በልዋጭ ሰጠናት። አዝናለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር። አሥራ አንድ ዓመት... ልጄን ኦወንን ከሆስፒታል ያመጣሁት በእሷ ነው።

ባሌ ደስ ሲለው መዘርዘር ይወዳል። የኦወን የሆኪ ሻንጣ፣ የእህቱ የቴሳ ጓደኞች፣ በረዶው፣ የወንድሙ ጀልባ ደግሞ የሚጎትት ካስፈለገ። «እናትሽም አሉ። ከእንግዲህ ዓርብ ዓርብ ልጆቹ ላይ ተጣብቀው አይሄዱም» አለ። ከልቡ ነው ያለው።

እኔስ? እውነቱን ልጻፍ። ከፍ ብሎ መቀመጡ ደስ አለኝ። የሰዉን መኪና ጣሪያ ቁልቁል እያየሁ ነዳሁ።

ሴፕቴምበር 12፣ ዓርብ

የዓሣ ቀን። ዓርብ ዓርብ እናቴን ይዘን ምግብ ቤት ዓሣ እንበላለን። እናቴን ልንወስድ ስንደርስ ጎረቤቷ ላይል በረንዳቸው ላይ ነበሩ። ጡረታ የወጡ አናጢ ናቸው፣ ዓይናቸው ስለደከመ መንዳት ትተዋል፣ ምላሳቸው ግን አልደከመም። መኪናውን ዞረው ዞረው አዩና «ከርት፣ ምድር ቤቱ በየት በኩል ነው?» አሉ። ሳቅን።

እናቴ በሩን ከፍታ ቆመች። መርገጫው ጉልበቷ ጋ ነው። ሰማንያ አንድ ዓመቷ። ላይ ያለውን መያዣ ልትይዝ ሞከረች፣ እጇ አልደረሰም። ከርት ከኋላ ብብቷን ይዞ አነሳት። ቀሚሷ በሩ ላይ ተያዘ። «እንደ ድንች ጆንያ ጫናችሁኝ» አለች። አሁንም ሳቅን።

መውረዱ ባሰ። ምግብ ቤቱ በር ላይ ሁለት ሰዎች ቆመዋል፣ አንደኛውን ሦስተኛ ክፍል አስተምራዋለች። ተንሸራታ ስትወርድ ጫማዋ ወለቀ። የድሮ ተማሪዋ ጎንበስ ብሎ አደረገላት። ደጋግማ አመሰገነችው። ዓሣዋን ሳትጨርስ ጠገብኩ አለች። ሌላ ጊዜ የእኔን ትርፍራፊ ሁሉ ነው የምትለቅመው።

ሴፕቴምበር 19፣ ዓርብ

እናቴ መጣች። ስትወርድ ዓይኗን ጨፍና ነው።

ሴፕቴምበር 26፣ ዓርብ

ዛሬ ቀረች። በሩን ከፈት አድርጋ፣ «እኔ በልቻለሁ፣ እናንተ ሂዱ» አለችኝ። ከቀኑ በአሥር ሰዓት ተኩል? ምን በላች?

«እርግጠኛ ነሽ?» አልኳት። «አዎ አዎ፣ ክሪስታ፣ ሂዱ። ልጆቹ ይርባቸዋል።» ከርት ሞተሩን አላጠፋም ነበር። ሄድኩ።

ይህን እያወቅኩ... ማን አስተማረኝ? ራሷ እናቴ። እዚህ አገር መጀመሪያ ሲጠይቁህ «ግድ የለም» ትላለህ። ሁለተኛም «ኧረ አትቸገሩ» ትላለህ። ሦስተኛ ሲጠይቁህ ነው እውነቱን የምትናገረው። በመጀመሪያው «እሺ» ያለ ስግብግብ ነው፣ አንዴ ጠይቆ የሄደ ደግሞ ከመጀመሪያውም ሊሰጥ አልፈለገም። ሰባት ዓመት ሳይሞላኝ ነው የተማርኩት፣ ከእናቴ ጓደኛ ከወይዘሮ ቬርና ቤት ኬክ በመጀመሪያው ጥያቄ ተቀብዬ ወገቤን ተቆንጥጬ።

ደክሞኝ ነው። በሚቀጥለው ዓርብ።

ኦክቶበር 8፣ ረቡዕ

ሥራ፣ ትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያ ቤት። ዛሬ መብራት ይዞኝ ወደ ኋላ ዞሬ አየሁ። ሰባት ባዶ ወንበር። እኔና ቡናዬ። ትናንትም እንደዚሁ። ሰኞም።

ማታ ለከርት አነሳሁበት። በሳምንት ስንት ቀን ነው የሚሞላው? አልኩት። «ሲያስፈልግስ?» አለ። መቼ ነው የሚያስፈልገው? «ሲያስፈልግ ነዋ።» ጀልባው የወንድሙ ነው፣ ወንድሙ ደግሞ የራሱ መጎተቻ አለው። ይህን አልነገርኩትም። ደስታውን ምን አበላሻለሁ።

ኦክቶበር 24፣ ዓርብ

«እኔ በልቻለሁ።» አምስተኛ ሳምንቷ መሰለኝ። ከመኪናው ሳልወርድ በመስኮት ጠየቅኳት። ከአንገት በላይ።

ኖቬምበር 8፣ ቅዳሜ

የእናቴን የብርድ መስኮቶች፣ ለበረዶ ወራት ከውጭ የሚደረቡትን፣ ልንሰቅል ሄድን። ከመሰላል ስወርድ መኪናችን አጠገብ ጎንበስ ብላ አየኋት። ምን ጠፋብሽ? አልኳት። «ቁልፍ የወደቀ መስሎኝ ነው» አለችና የሆነ ነገር ኪሷ ከተተች።

ኋላ ወጥ ቤት ስገባ ሜትር ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። መጋረጃ ልቀይር ነው አለች። እሷና አዲስ መጋረጃ! አባቴ የሰቀለውን ነው እስካሁን የምታጥበው።

ኖቬምበር 27፣ ሐሙስ

የምስጋና ቀን። እናቴ ወገቤን አሞኛል ብላ ቀረች። በስልክ ነው የጠየቅኳት። አንዴ። እንግዶች ነበሩብኝ፣ ተርኪ ዶሮው ምድጃ ውስጥ ነበር... ምክንያት አላጣም እኔ።

ከሰዓት ከቴሳ ጋር ምግብ በሳህን ሸፍነን ወሰድንላት። የክት ልብሷን ለብሳ ነበር። ከንፈሯን ቀብታ። ወገቡን ያመመው ሰው ለማን ብሎ ይለብሳል?

አልጠየቅኳትም። ሳህኑን አስቀምጬ ወጣሁ።

ዲሴምበር 12፣ ዓርብ

ከዓሣ ስንመለስ ቴሳ ከኋላ ሆና «እማዬ፣ አያቴ እኮ ይሄን መኪና ትፈራዋለች» አለች። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፣ ስልኳ ላይ አቀርቅራ የምትውል ልጅ። «አትፈራም፣ ደክሟት ነው» አልኩ።

አልገባኝም ነበር? ገብቶኛል። ከመጀመሪያው ዓርብ ጀምሮ ገብቶኛል። ግን አፍ አውጥታ አልተናገረችማ። እሷ ዝም ስትል እኔም ዝም አልኩ። ምን ላድርግ፣ መኪናውን ልመልሰው? ተናደድኩባት። በእናቴ ተናደድኩ፣ መኪናው ላይ መውጣት ስላቃታት።

ጃንዋሪ 9፣ ዓርብ

በረዶ። ለበረዶ ነው የገዛነው አይደል? ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ መንገድ ጠራጊው እስኪመጣ ማንም ከቤት አልወጣም። ትልቁ መኪና ከትንንሾቹ እኩል ቆሞ ዋለ።

ማታ መንገዱ ሲጸዳ ለዓሣ ሄድን። ስመለስ ለእናቴ ደወልኩላት። «ዓሣው እንዴት ነበር?» አለች። እንደ ሁልጊዜው፣ አልኳት። «ወንበሬ ላይ ማን ተቀመጠ?» ኮቶቻችንን አስቀመጥንበት። እንዲህ ብዬ ነገርኳት... ምን ዓይነት አፍ ነው ያለኝ።

ፌብሩዋሪ 3፣ ማክሰኞ

ጠዋት ላይል ደወሉ። የእናቴ መጋረጃ ሳይገለጥ ሦስት ሰዓት ሆነ ብለው። እናቴ ሞታለች። በእንቅልፏ።

ፌብሩዋሪ 7፣ ቅዳሜ

ቀበርናት። ከቤተ ክርስቲያን ወደ መቃብሩ ስንሄድ እኛ አራት፣ የከርት እናትና አባት፣ ላይል፣ ወይዘሮ ቬርና። ሽማግሌዎቹን ከርት አንድ በአንድ እያነሳ አስገባ።

ስምንቱም ወንበር ሞላ። ለመጀመሪያ ጊዜ።

ፌብሩዋሪ 20፣ ዓርብ

ዓሣ አልሄድንም። ማንም አልጠየቀም።

ማርች 14፣ ቅዳሜ

የእናቴን ቤት ብቻዬን ላጸዳ ሄድኩ። የመግቢያው ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከኮቶቿ ሥር፣ በርጩማ። ሁለት ደረጃ ያለው፣ አዲስ እንጨት። እንዳያንሸራትት ላዩ ላይ ቁራጭ ምንጣፍ ተለጥፏል። በጎኑ የገመድ ማንጠልጠያ። ገልብጬ አየሁት። በእርሳስ፣ በእናቴ የአስተማሪ ጽሕፈት፦ «የክሪስታ መኪና» ይላል፣ ከሥሩ የከፍታው ልክ በቁጥር።

እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ሜትሩ ትዝ አለኝ።

ይዤው ላይል ጋ ሄድኩ። ሲያዩት መነጽራቸውን አወለቁ።

«እሷው ነች ለክታ ያመጣችልኝ። የሠራሁት ግን እኔ ነኝ። ሁለቴ እዚህ በረንዳ ላይ ተለማመደችበት፣ እኔ መኪና ሆኜ» አሉ።

ታዲያ ለምን አላወጣችውም? አልኳቸው። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር።

«እኔም ጠየቅኳት እኮ። ዓርብ ዓርብ ለብሳ፣ በሩ ኋላ አስቀምጣ ትጠብቃችሁ ነበር። ‹በአዲስ መኪናዋ ደስ ብሏታል፣ በርጩማ ይዤ ብወጣ ነቀፋ ይመስልባታል። ሦስተኛ ስትጠይቀኝ አወጣዋለሁ› አለችኝ።» መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «አልጠየቅሻትም እንዴ፣ ልጄ?»

ሊያስጨንቁኝ ብለው አይደለም። ሳያውቁ ነው የጠየቁኝ። በርጩማውን ይዤ ተነሳሁ።

ማርች 15፣ እሑድ

ለከርት አሳየሁት። ጋራዥ ወሰደው። መኪናው ሥር አስቀምጦ፣ ወጣበት፣ ወረደበት። ልክ ነው፣ በትክክል ለክታለች። ከዚያ ደረጃው ላይ ተቀመጠ፣ ግዙፍ ሰው በዚያች በርጩማ ላይ።

«ለእሳቸውም ብዬ እኮ ነው የገዛሁት» አለ። አውቃለሁ አልኩት። አጠገቡ ቆሜ ጸጉሩን ዳበስኩ።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች፣ ይኸው ነው የእኛ ነገር። ለማይመጣ ጀልባ፣ ለማይሞላ ወንበር ስንዘጋጅ፣ በየሳምንቱ በር ላይ ቆማ የምትጠብቀንን...

ግን ጥፋቱን ሁሉ መኪናው ላይ አልጭንም። ከፍታው የመኪናው ነው። ሞተሩ ሳይጠፋ በመስኮት የጠየቅኩት እኔ ነኝ።

ኤፕሪል 11፣ ቅዳሜ

ከርት መስኮቱ ላይ «ይሸጣል» የሚል ወረቀት ለጠፈ። እኔ አልጠየቅኩትም። የወንድሙ ሚስት ሰምታ ደወለች፣ ለቤተሰብ ትንሽ መኪና አይሆንም፣ ትቆጫላችሁ አለች። ቁጭት ለምዶብናል፣ አልኳት።

ሜይ 1፣ ዓርብ

መኪናው ገና አልተሸጠም። ከሥራ ስወጣ ወይዘሮ ቬርናን ፖስታ ቤቱ ደጅ አየኋቸው። ዓሣ ከበሉ ስንት ጊዜያቸው ይሆን? ከቀብሩ ወዲህ አንድም ዓርብ አላየኋቸውም። ለካ እሳቸውም የሚወስዳቸው የለም።

ሞተሩን አጠፋሁ። ወረድኩ። አብረን እንሂድ አልኳቸው።

«ኧረ እኔ በልቻለሁ» አሉ።

ልጆቹ ደስ ይላቸዋል፣ ይምጡ።

«አትቸገሪ የኔ ልጅ፣ እንደምንም ነው የምራመደው። መኪናሽም...» አቋርጠው ተዉት።

ልቤ ይመታ ነበር፣ ኬክ እንደምትሰርቅ ልጅ። ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቅኳቸው። እጃቸውን ይዤ፣ «ወይዘሮ ቬርና፣ ከእኔ ጋር ዓሣ ይበላሉ?» አልኩ።

ቦርሳቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «እንግዲህ... ከሆነማ» አሉ።

በርጩማውን ከኋላ አወጣሁ። መርገጫው ሥር አደረግኩት። አንደኛው ደረጃ፣ ሁለተኛው፣ ከዚያ ወንበሩ። ማንም አላነሳቸውም። ቀሚሳቸውም አልተያዘም። ከላይ ሆነው ቁልቁል አዩት።

«ጎበዝ ነው የሠራው። የማን ነው?»

የእናቴ ነው አልኳቸው።

«እሷም በዚህ ነበር የምትወጣው?»

ምን ልበል? አዎ ብል ማን ያየኛል... ግን ዓርብ ዓርብ ለብሳ በሩ ኋላ የቆመችው ታየችኝ።

«አንዴም አልወጣችበትም» አልኩ። «ሦስቴ አልጠየቅኳትም።»

ወይዘሮ ቬርና ይህን ሕግ ከእኔ በፊት ያውቁታል። ቀበቷቸውን አሰርኩላቸው፣ በርጩማውን በገመዱ አንጠልጥዬ ከኋላ አስገባሁና ነዳሁ።