ቆላ ወርዶ የቀለጠው ጭኮ

ውድ ሽፌ፣ የልጄ አባት፤

ከተለያየን ዓመት ከአራት ወር ሆነን። ሰላምታዬ በየት በኩል እንደሚደርስህ አላውቅም፤ ብቻ ይድረስህ። ይህን የምጽፍልህ ከቤታችን አይደለም። ዓለም ከተማ፣ ልጃችን ፀዳለ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ ነው። አዎ፣ መርሐቤቴ! ከመሐል ሜዳ ወጥታ ደብረ ብርሃንን እንኳ ሦስቴ ያላየች ሚስትህ፣ መኪና ውስጥ ገና ሳትገባ ሆዷ የሚገለበጠው ሴትዮ፣ ቆላውን ተሻግራ መጣች። ብታየኝ «አስካለ፣ ማን ደፍሮ አሳፈረሽ?» ትለኝ ነበር።

ልጅህ ናት ያሳፈረችኝ። ፀዳለ አርግዛለች፣ ወሯም ገብቷል። አንተ ሳታየው የቀረኸው ሆድ አሁን ከፊቷ ቀድሞ በር ይገባል። ደስ የሚል ወሬ ነው፣ እኔም በደስታ ልነግርህ ነበር የጀመርኩት፤ ግን እውነቱን ልንገርህ፣ ፈርቻለሁ። የደም ግፊቷ ከፍ ብሏል። እግሯ አብጦ ጫማ እንቢ ብሏታል፣ የምትጫማው የባሏን የግርማን ነጠላ ጫማ ነው። የምትከታተላት ነርስ ጨው እንዳትቀምስ፣ ራሷን ካመማት ወይም ዓይኗ ካጭበረበራት ሰዓት ሳትቆጥር እንድትመጣ ነግራታለች። እህቴ በወሊድ እንዴት እንደሄደች አንተ ታውቃለህ፤ ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱ ነበርክ። ስለዚህ «እማዬ፣ ደህና ነኝ እኮ» ስትለኝ እኔ የምሰማው ሌላ ድምፅ ነው።

ቤቱን አትጠይቀኝ አልልህም፣ እነግርሃለሁ። በጎቹን ለወንድምህ አደራ ሰጥቼ መጥቻለሁ። ባለፈው ኅዳር ውርጩ ባቄላውን ለበለበው፣ ገብሱ ግን ደህና ነው። አንተ «ነገ እሠራዋለሁ» ያልከው መስኮት አሁንም አይገጥምም፤ እኔም አናጢ አልጠራሁም፣ በሱ በኩል ነፋስ ሲገባ ማንን እንደምወቅስ ስለማውቅ ደስ ይለኛል። ሙት ዓመትህን በደንብ አወጣን። ጥቁሩን ግን እስካሁን አላወለቅኩትም። ሰው ይበቃሻል ይለኛል፤ እኔ እንጃ።

አሁን የመንገዱን ልንገርህ። አንተ የሱፍ ባናህን ለሽያጭ ጭነህ ዘመሮ፣ ቀየት፣ መርሐቤቴ ስትል ስንቅ እየቋጠርኩ የምሸኝህ እኔ ነበርኩ፤ ለራሴ ስንቅ መቋጠር ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። አንድ ቀን «መንገዱ ክፍት ነው» ይሉኛል፣ በማግሥቱ «አይ፣ መኪና አይሄድም» ይሉኛል፤ ዕቃዬን ሦስት ጊዜ አሰርኩ፣ ሦስት ጊዜ ፈታሁ። ለፀዳለ የገንፎ ዱቄት፣ በሶና ንጥር ቅቤ ያዝኩ። ከሁሉ በላይ ግን ጭኮውን። በሶውን አዘጋጅቼ ቅቤውን አንጥሬ፣ ደህና ጨው ጣል አድርጌ ለወስኩት፤ እዚያው እንደ ድንጋይ ደረቀ። በፌስታል ጠቅልዬ በጨርቅ ቋጠርኩት። ጣራ ላይ ፀሐይ ያገኘዋል ብዬ ቅጥቅጡ ውስጥ ከሰው ራስ በላይ ባለው የዕቃ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። ብልጥ ነኝ ብዬ ነው እንግዲህ!

ዘመሮን አልፈን ቁልቁለቱን መውረድ ስንጀምር አየሩ እንደ ምድጃ አፍ ሆነ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ማርያምን እጠራለሁ። ሽፌ፣ የመንዝ ሰው መሆኔን ያኔ አወቅኩት። ቅቤ እኛ ቤት በቢላ ነው የሚቆረጠው፤ ቅቤ መንገድ ላይ ይቀልጣል የሚል ሐሳብ በየት በኩል ይምጣልኝ? ከፊቴ የተቀመጡ ሴትዮ ድንገት እጃቸውን አናታቸው ላይ ጫኑ። ዘወር ብለው ወደ ላይ አዩ። ከዚያ የመኪናውን ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ቃኙና፣ «ማነው ሳይጠይቀኝ ሙሽራ ያደረገኝ?» አሉ።

መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ቋጠሮው ይንጠባጠባል፣ ነጠላቸው ርሷል፣ ጸጉራቸው ያብለጨልጫል። ይቅርታ ልል ስነሳ መኪናው ታጠፈና እላያቸው ላይ ወደቅኩ። ሴትዮዋ ምን አደረጉ መሰለህ? ጣታቸውን ከግንባራቸው ጠርገው ቀመሱት። «ይሄማ የመንዝ ቅቤ ነው፤ ግን አንቺ፣ ጨው ያለው ቅቤ በየት አገር ነው አናት የሚቀባው? እኔን ለቁርስ ልታቀርቢኝ ነው?» መኪናው በሳቅ ፈነዳ። ሾፌሩ እንኳ ፍሬን ያዘ። ቋጠሮውን አወረድነው፣ ያልፈሰሰውን እየዛቁ ተቀባበሉት፤ ጭኮው ለምትወልድ ልጄ መሆኑን ስነግራቸው አንዱ ሽማግሌ «አራሷ ሳትበላ እኛ አራስ ሆንን» አሉ።

እኔም ሳቅኩ። ጥቁሬን ለብሼ፣ አንተን ቀብሬ፣ ልጄ እንዲያ ሆና እየጠበቀችኝ፣ ጎኔን ይዤ ሳቅኩ። ከዚያ ወዲያው ደነገጥኩ። ሳቄ የሆነ ነገር የሚያስከፍለኝ መሰለኝ። «ማርያም፣ በሳቄ ልጄን እንዳትቀጪያት» አልኩ በልቤ። ሞኝ ነኝ፣ አውቃለሁ፤ ግን ፍርሃት ብልህ አያደርግም።

ሴትዮዋ እትዬ ዘነበች ይባላሉ። ዓለም ከተማ መናኸሪያው አጠገብ ትንሽ ምግብ ቤት አላቸው፤ ለዚያው ገብስ ሸምተው ከመሐል ሜዳ መመለሳቸው ነበር። ከጎናቸው አስቀምጠውኝ የማን እንደሆንኩ ጠየቁኝ። ስምህን ነገርኳቸው። «የባናው ሽፈራው? ቃሪያ ከሌለ አልበላም የሚለው?» አሉኝ።

«አይ፣ ሌላ ሽፈራው ይሆናል፤ የኔ ባል ቃሪያ በዓይኑ ማየት አይወድም» አልኩ።

«የፊት ጥርሱ ጫፏ የተሸረፈች? ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን? ለቆላ ሰው ባና የሚሸጥ?»

አንተ ነህ። በዓለም ላይ ለቆላ ሰው የሱፍ ብርድ ልብስ አሳምኖ የሚሸጥ ሌላ ሰው የለም።

እንግዲህ ሽፌ፣ እዚህ ላይ እንነጋገራለን። እኔን ጨጓራ ከያዘኝ ጀምሮ በቤታችን ቃሪያና ሚጥሚጣ ገብቶ አያውቅም። «ለአንተ ለብቻህ ልሥራልህ» ስልህ «ለኔም አይስማማኝም፣ ተይው» አልከኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ ያንን አልጫ ከኔ ጋር በላህ! ስትመለስ «የሰው አገር ምግብ ምን ይረባል» እያልክ እንደገና ትበላለህ። እትዬ ዘነበች እንደነገሩኝ ግን ቋንጣ ፍርፍር ታስደግም ነበር፤ ስንግ ቃሪያውን ሁለት ሦስቱን ትጨርስና እንባህን በባናው ጫፍ ትጠርግ ነበር አሉ።

መጀመሪያ ተናደድኩ። ሌላ ሴት ያለችህ ያህል ነው የተናደድኩት። ከዚያ ለኔ ብለህ ማታለልህ ገባኝና ልቤ ሟሟ። በማግሥቱ እትዬ ዘነበች ቤት ሄጄ አንተ የምትቀመጥበትን፣ በሩን የሚያየውን ወንበር ጠይቄ ተቀመጥኩ። ፍርፍሩን አዘዝኩ። ከቃሪያው ጫፏን፣ የጥፍር ያህል ቀመስኩልህ። ዓይኔ እንባ ሞላ። ቃሪያው ይሁን አንተ፣ እትዬ ዘነበችም አልጠየቁኝ፣ እኔም አልነገርኳቸው።

አየህ፣ መንገድ እንዲህ መሆኑን አልነገርከኝም። ዕድሜዬን ሙሉ መንገድ የሚያደክም፣ ሰው የሚወስድ ነገር ይመስለኝ ነበር። ለካ ያለቀ የመሰለኝን ሰው እንደ አዲስ ያሳየኛል። እዚህ በየቀኑ አንድ ነገር ይገጥመኛል። ጠዋት ጠዋት ከፀዳለ ጋር ነርሷ ባዘዘችው መሠረት ቀስ ብለን እንሄዳለን። ከቆላ የመጣ ፓፓያ አየሁ፣ ሲቆረጥ ሆዱ በጥቁር ፍሬ የተሞላ፤ የተበላሸ መስሎኝ ልጥለው ስል ልጅህ በሳቅ ሞተች። ቀኑ በዚያ ሳቅ ሞላልኝ። እውነት እልሃለሁ፣ ትንሽ ነገር ናት፤ ግን እስከ ማታ አቆየችኝ።

ደግሞ ፍርሃቱ ይመለሳል። ፊቷን አያለሁ፣ ጣቶቿን አያለሁ፣ ቀለበቷ ከጣቷ አልወጣ ብሏል። «ዛሬ ተንቀሳቀሰ?» እላታለሁ። «አሁን ጠየቅሽኝ እኮ እማዬ!» ትለኛለች። ካዘጋጀሁላት ጭኮ የቀረችው ቁራሽ እንኳ ጨው ያለባት ናት፤ ጓዳ ውስጥ ደበቅኩባት። ጨው የሌለው ወጥ ስሠራ እጄ ግራ ይገባዋል። መጀመሪያ ቀን ሁለት ጉርሻ በልታ ተወችው። እትዬ ዘነበች ሎሚ ጨምቂበት አሉኝ፤ ሎሚና ነጭ ሽንኩርት አበዛሁበት፣ ትንሽ ተሻለ። እሷ ብቻዋን ስትበላ አንገቷን ደፍታ አየኋትና እኔም ከዚያው ሳህን ጀመርኩ። «አንቺ ለምን? ጨው ጨምሪበት እንጂ» አለችኝ።

ምን እንዳልኳት ገምት። «ለኔም አይስማማኝም» አልኳት።

ከአፌ ሲወጣ ያንተ ድምፅ መሰለኝ። ግርማም የሰማውን ሰምቶ የጨው ዕቃውን ከገበታው አነሳው። ሦስታችንም ያንን ጣዕም የለሽ ወጥ እየበላን፣ እንዲህ ያለ የተዋጣ ምሳ ከበላሁ ዘመን እንደሆነኝ አሰብኩ። ሃያ ዓመት ያንን አልጫ ስትበላ ከፍቶህ እንዳልነበር አሁን አወቅኩ።

ቆይ ሽፌ፣ ፀዳለ ከውስጥ እየጠራችኝ ነው።

አሁን እየጻፍኩልህ ያለሁት ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ያኔ ስገባ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ራሷን በሁለት እጇ ይዛ ነበር። «እማዬ፣ መስኮቱ ሁለት ሆነብኝ» አለችኝ። አፌ አልከዳኝም፣ ታውቀዋለህ አፌን። ግርማን ጮኼ ጠራሁት፣ ባጃጅ መጣ፣ ሆስፒታል ገባን። በመርፌና በጉሉኮስ ያዟት። ግፊቷ ስለከፋ ምጡ በራሱ እስኪመጣ አይጠበቅም፣ እናስጀምራታለን አሉን። እኔን በር ላይ አስቀሩኝ።

አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። እትዬ ዘነበች ምግብ ቤታቸውን ዘግተው መጥተው ከጎኔ ተቀመጡ፤ ሁልጊዜ የሚቀልዱት ሴትዮ አንድም ቀልድ አልነበራቸውም፣ ከንፈራቸው ብቻ «ማርያም፣ ማርያም» ይላል። እኔ መጸለይ እንኳ አቃተኝ። የእህቴ ፊት ይመጣብኛል። ስለት ልሳል ብል የምሰጠው ነገር ሁሉ ትንሽ ሆነብኝ። «ሽፌ፣ አንተ ለማርያም ቅርብ ነህ፤ አንተ ንገርልኝ» አልኩህ። ሰምተኸኝ እንደሆነ አላውቅም። በሩ በተከፈተ ቁጥር እነሳለሁ፣ ለሌላ ሰው ነው፣ እቀመጣለሁ። አንዲት ነርስ ስትሮጥ አለፈች፤ ወዴት እንደምትሮጥ ለመጠየቅ ድፍረት አጣሁ።

በማግሥቱ ረፋዱ ላይ በሩ ተከፍቶ የኔን ስም ጠሩ። ሴት ልጅ ናት፤ ትንሽ፣ ጸጉራም፣ እንደ ተናደደ ሽማግሌ ግንባሯን የቋጠረች። እናቷስ ስል ነርሷ «ግቢና እዪያት» አለችኝ። ገባሁ። ፀዳለ ገርጥታለች፣ ከንፈሯ ደርቋል፣ ክንዷ ላይ ቱቦ ተሰክቷል። ዓይኗን ከፈተች። አፏን ስታንቀሳቅስ ምን ልትለኝ ነው ብዬ ጆሮዬን አስጠጋሁ። የመጨረሻ ነገር የምትነግረኝ መሰለኝ፣ ልደብቅህ አልችልም።

«እማዬ፣ ራበኝ» አለችኝ።

ሽፌ! አንተ ታመህ ተኝተህ ሳለህ ሦስት ወር ሙሉ ማንኪያ ይዤ አጠገብህ ስቀመጥ የለመንኩህ ይህችን ቃል ነበር። ሾርባ አመጣሁ፣ አጥሚት አመጣሁ፣ እርጎ አመጣሁ፤ አንተ እኔን እንዳይከፋኝ ከንፈርህን ብቻ ታስነካ ነበር። አንድ ቀን «ራበኝ» ባልከኝ ብዬ ስንቱን ደጅ ጠናሁ። ከአንተ አፍ ያጣኋትን ቃል ከልጅህ አፍ ሰማኋት። የሳቅኩ ወይም ያለቀስኩ እንደሆነ ለማወቅ እትዬ ዘነበችን ጠይቃቸው፣ እኔ አላስታውስም። ብቻ ወደ ቤት ስበር፣ ውሃ ስጥድ፣ ዱቄቱን ስነፋ፣ ጨው የሌለው ገንፎዋን እያገላበጥኩ ክንዴ እስኪዝል ሳገነፋ አስታውሳለሁ። ጠርጋ በላችው።

ግፊቷ ገና ሙሉ በሙሉ አልወረደም። ጠዋት ማታ ይለኩላታል፣ እኔም በለኩላት ቁጥር የነርሷን ፊት እለካለሁ። ፍርሃቴ አላለቀም፣ የሚያልቅም አይመስለኝም። ግን ክርስትና እስክትነሳ ሰማንያውን ቀን እዚሁ ነኝ፤ በየማለዳው የምነሳበት ጉዳይ አለኝ።

አንተን የማስበው በሙት ዓመትህና በመቃብርህ ብቻ አይሆንም። በእጄ ውስጥ ማማሰያ እስካለ፣ ከዚህ ቤት ሰው አንዱ «ራበኝ» ባለ ቁጥር፣ ለድስቱ ከመነሣቴ በፊት ስምህን እጠራለሁ። ቀን ሦስት ጊዜ ማለት ነው፤ ሕፃኗ ስታድግ ደግሞ ከዚያ ይበዛል።

ይኸው፣ ሕፃኗ ተነሥታለች። ልሂድ።

ሚስትህ፣ አስካለ