የገብስ መውቂያችንን ከመጥረቢያ ጋር ላወዳደሩልን ሰብሳቢ

ለክቡር ኦቦ ገቢሳ
የገበያ ሰላም ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ጎጆ ከተማ

ክቡርነትዎ፣ ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎም የሰመረ እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። የባለቤቴ የሮብሳን ቀኝ ክንድ ሁለት ቦታ ስለተሰበረ የምጽፍልዎ እኔ ነኝ።

እንደሚያውቁት፣ በኅዳር ወር በብየዳ ቤታችን ትራክተር የማይገባበት ቁልቁል ማሳ የሚደርስ፣ ሁለት ሰው የሚገፋው ትንሽ የገብስ መውቂያ ሠራን። ትልልቅ መውቂያ የሚያከራዩት ኦቦ ባይሳ ገበሬው ወደ እኛ ሲያዘነብል ለእርስዎ አቤት አሉ። እርስዎም ጠርተውን፣ «ውድድር ወጣት ድርጅትን ያሳድጋል» ብለው አሰናበቱን።

ውድድሩ በማግስቱ ከአምስት የኦቦ ባይሳ ሰዎች ጋር ደጃችን መጣ። ስለዚህም አመሰግናለሁ፦

1ኛ. ሰዎቹ መውቂያውን በመጥረቢያ ሲፈልጡት እርስዎ ከመንገዱ ማዶ ቆመው በትዕግሥት ስለተመለከቱ። ሮብሳን በላዩ ተጋድሞ፣ «እኔን ምቱኝ፣ እሱን ተዉት» ሲላቸው በዲጂኖ መቱት። አጥንቱ ሲሰበር እኔ ከጓሮ ሰማሁ፤ እርስዎ ከእኔ ይልቅ ይቀርቡ ነበር።

2ኛ. ደሙ በጣቶቼ መካከል እየፈሰሰ ስጮህ፣ «አዴ ቢፍቱ፣ ተረጋጊ፣ ገበያው ይረበሻል» ስላሉኝ። በመዶሻ የአንደኛውን መንጋጋ መስበሬን አልክድም። ሲወድቅ ደስ አለኝ፤ ደስ መሰኘቴ እስከ ዛሬ ያስፈራኛል።

3ኛ. ወደ አምቦ ሐኪም ቤት ስንወርድ መኪናው በዘለለ ቁጥር ሮብሳን ራሱን ይስት በነበረበት ሰዓት፣ ኮሚቴዎ «ሁለቱም ወገኖች ተደባደቡ» የሚል ቃለ ጉባኤ ስለጻፈ።

4ኛ. ከወር በኋላ ኦቦ ባይሳ ስብርባሪያችንን አስለክተው ያሠሩትን መውቂያ እርስዎ መርቀው፣ የፈጠራ የምስክር ወረቀት በእጅዎ ስለሰጧቸው።

እኛ ጉደር ወርደናል። ሮብሳን በግራ እጁ ብረቱን ይይዛል፣ እኔ እበይዳለሁ፤ አንዳንዴ ሥቃዩ ሲነሣበት ብረቱን ወርውሮ ይወጣል፣ አንሥቼ እቀጥላለሁ። ሁለተኛውን መውቂያ ባለፈው ሳምንት ጨርሰን አስረክበናል።

እድገታችንን በዓይንዎ ለተከታተሉት ለእርስዎ ከፍ ያለ አክብሮቴን እየገለጽኩ፣ ደም ያልነካው ወንበርዎ እንዲመችዎ እመኛለሁ።

ቢፍቱ ኤጄታ
በያጅ

ማስታወሻ፦ ከስብርባሪ የተቀዳው መውቂያ አፉ ላይ ክዳን የለውም፤ መጀመሪያ የደቀቀው እሱ ነበርና ሊለኩት አልቻሉም። የሰው እጅ እንዳይቆርጥ ለኦቦ ባይሳ ሠራተኞች ራሴ ሄጄ ነግሬያቸዋለሁ። ክዳኑ ምን እንደሚመስል ካላወቁ፣ ባለ ምስክር ወረቀቱን ፈጣሪ ይጠይቋቸው።