ሳትቀምሺ የምትሠሪው ወጥ

ውድ እትዬ ማይሙና፣

ደብዳቤ ሲጀመር ጤና ይጠየቃል። እኔ ግን ጤናሽን መጠየቅ በነበረብኝ ሳምንት አልጠየቅኩሽምና አሁን ብጠይቅሽ አያምርብኝም። በቀጥታ ወደ ጥፋቴ ልግባ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት በባሕር ዳርቻው ሆቴል ስቶር ኪፐር ሆኜ ሠርቼ፣ ወረርሽኙ እንግዶቹን ሲያስቀር ቤት ገባሁ። ቤት ውስጥ የምቆጣጠረው ሌላ ነገር ስላጣሁ አንቺን መቆጣጠር ጀመርኩ። ባልሽ ከሞተ በኋላ ከእኛ ጋር መኖር ስትጀምሪ ወጥ ቤቱ ያንቺ ሆኖ ነበር፤ ሚስቴ ኑሩ እንኳ ሽንኩርት የምታነሳው አስፈቅዳሽ ነው። እኔ ግን የሳምንቱን ምግብ በወረቀት ጽፌ ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፍኩ። ሰኞ የእርግብ አተር በኮኮናት ወተት፣ ማክሰኞ ከሰኞ የተረፈው ከሩዝ ጋር፣ ረቡዕ ዓሣ፣ ሐሙስ የዓሣው ጭንቅላት ሾርባና ሩዝ። ምንም አይጣልም፤ የሙዝ ልጣጭ እንኳ ለጎረቤት ፍየል ይሰጣል።

ወረቀቱን አንብበሽ ስትጨርሺ፣ «ስዋሌህ፣ አርብ ማታ እንግዳ ቢመጣስ? የት ላይ ጽፈኸዋል?» አልሽኝ።

«ሰዓት እላፊ ታውጆ የምን እንግዳ ነው የምታመጪብኝ?»

«ኮሮና ማንን አስፈቅዶ ገባ?» አልሽና ኑሩን በሳቅ ገደልሻት። እኔ አልሳቅኩም። በዚያ ሰሞን መሳቅ የሚያስከፍል ይመስለኝ ነበር።

እውነቱን ለመናገር ዝርዝሩ ሠርቶ ነበር። ሳትወጂውም ቢሆን ተከተልሽው፤ ለሦስት ሳምንት ከቤታችን አንድ ጭልፋ ምግብ አልተጣለም። ከዚያ ረመዳን ገባ፣ መስጊዶቹ ተዘግተው።

ሌሎች ሴቶች በጾም ሲያበስሉ በምላሳቸው ጫፍ ነካ አድርገው ይተፋሉ። አንቺ ያንንም አታደርጊም። ክዳኑን ከፍተሽ፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ፣ እንፋሎቱን በአፍንጫሽ ትስቢና «ጨው ጎድሎታል» ትያለሽ። «ጨው ይሸታል እንዴ?» ስልሽ «ላንተ አይሸትም» ትይኝ ነበር። እናታችን ሞታ አንቺ ማሳደግ ከጀመርሽኝ ጊዜ አንስቶ ድስትሽ ሲሳሳት አላየሁም።

በረመዳን ሁለተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ፣ የሰኞው አተር ኮምጥጦ ለኢፍጣር ቀረበ። ከተምሩ ቀጥለን አንዳንድ ጉርሻ ወስደን ሁላችንም ተፋን። አንቺ ግን ዝም ብለሽ ትበዪ ነበር። «ሙቀቱ ነው ያበላሸው» አልሽ። ሐሙስ ደግሞ ሩዙ አረረ። ሽታው እኔን ከሰገነት ሲያወርደኝ፣ አንቺ ለድስቱ ጀርባሽን ሰጥተሽ፣ ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ሽንኩርት ትከትፊያለሽ።

«ሰው በየቤቱ ጦሙን በሚያድርበት ጊዜ ሙሉ ድስት! ሆን ብለሽ ነው» አልኩሽ። «ዝርዝሬን ስለጠላሽው ነው።»

«ስዋሌህ፣ እኔ? እኔ ምግብ እጥላለሁ?»

«ሌላ ድስት ከተበላሸ ወጥ ቤቱን ለኑሩ ትለቂያለሽ።»

ኑሩ «ኧረ ተው!» አለችኝ። አንቺ እጅሽን በሽርጥሽ ጠርገሽ ድስቱን መፈግፈግ ጀመርሽ። ያጎረሰኝን እጅሽን እያየሁ ነው ይህን ያልኩት፣ እትዬ፤ አፌን ምን ነክቶት እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ምንም አልተበላሸም። ከዐሥር ሰዓት ጀምሮ በርጩማሽን ከምድጃው አጠገብ አድርገሽ፣ መግሪብ አዛን እስኪል ዓይንሽን ከድስቱ ሳትነቅዪ ትቀመጪ ነበር። ቁጣዬ ሠራ ብዬ ኮራሁ። ከእኛ ተለይተሽ መብላት ስትጀምሪና ሳህንሽ ግማሹ ሳይነካ ሲመለስ፣ ያኮረፍሽ መስሎኝ ዝም አልኩ። እንዲያውም የተረፈሽን ለነገ ሾርባ አስቀምጪ ብዬ ኑሩን አዘዝኳት። እሷ ናት «ለሾርባ አይሆንም፣ ይቅር» ብላ የደፋችው። ሳልንም ሰምተናል፤ የምድጃው ጭስ ነው ብለሻል፤ አምነናል።

ከሳምንት በኋላ፣ እሑድ ንጋት ላይ፣ ትንፋሽ አጠረሽ። ሠፈራችን አሮጌው ከተማ በፖሊስ ታጥሮ ስለነበር አምቡላንሱ እስከቆመበት ኬላ ድረስ በወንበር ተሸክመን አደረስንሽ። ከዚያ ወዲያ መከተል ክልክል ነው አሉን።

ማክሰኞ ከሆስፒታል ራስሽ ደወልሽ። ድምፅሽ ቀጥኖ ነበር።

«ስዋሌህ፣ አንድ ነገር ልንገርህ፣ አትቆጣ።»

«ምንድን ነው?»

«አተሩ ከኮመጠጠበት ቀን ጀምሮ አፍንጫዬ አይሸተውም። ቅርንፉድም ብትል፣ ቃጠሎም ብትል፣ አንድ ነው። ምላሴም እንደዚያው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም!» ብዬ ጮህኩብሽ። «ያኔውኑ ሐኪም ቤት አልወስድሽም ነበር? ምን ዓይነት ሰው ነሽ!»

ስትተነፍሺ ይሰማኛል። ከዚያ፣ «ወጥ ቤቱን ትወስድብኛለህ ብዬ ፈራሁ» አልሽኝ፤ ስልኩም ተቋረጠ።

መልሼ ስደውል አልተነሳም። ማታ ነርሷ አንስታ ማረፍሽን ነገረችኝ።

እትዬ፣ ለአንቺ የተናገርኩት የመጨረሻ ቃል ቁጣ ነው። «ወጥ ቤቱ ያንቺ ነው፣ ቤቱም ያንቺ ነው፣ ብታሳርሪውም እንበላዋለን» ለማለት አንድ ትንፋሽ ይበቃኝ ነበር። ትንፋሽ የነበረኝ እኔ ነበርኩ፤ ለጩኸት ጨረስኩት።

አውፍ በይኝ።

ያሳደግሽው ወንድምሽ፣
ስዋሌህ