የምህረት ጉልበት

ሰኞ

ጽሑፉ ወጣ። የመምህራን ክፍል ስገባ ሦስት ሰዎች አንድ ስልክ ላይ አጎንብሰው ያነባሉ። ጸሐፊው ባለፈው ቅዳሜ ከሐዋሳ መጥቶ ጨዋታችንን ያየው የስፖርት ዓምደኛ ነው። የጻፈው ስለ ሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድናችን ባለቤት፣ ስለ ቡና ነጋዴው አቶ ሽፈራው ነው። የተጠባባቂዎች ወንበር ላይ ተቀምጠው አሰልጣኙን ያዛሉ፣ ጉልበቷን የታመመችውን ምህረትን "ትቀጥል" ብለው አስጫውተዋታል ይላል። ምህረት አሁን በክራንች ነው የምትሄደው።

ሁሉም እውነት ነው። የነገርኩት እኔ ነኝ። ነጥብ መዝጋቢ ስለሆንኩ ጠረጴዛዬ ከወንበራቸው ሁለት እርምጃ ቢሆን ነው። ስሜን እንዳይጠቅስ ለመንኩት። አልጠቀሰም።

ማክሰኞ

ከሥራ በኋላ ጁስ ቤት። ደጋፊው ሁሉ እዚያ ነው። ፀጉር አስተካካዩ ብርሃኑ ጠረጴዛ እየደበደበ፣ "ከሐዋሳ መጥቶ የሚሰድበን ማን ስለሆነ ነው? ሽፈራው ባይኖር ቡድን የሚባል ነገር አለን? ትጥቁ የሱ፣ መኪናው የሱ!" ይላል።

ፎቶ ኮፒ ቤት ያላት አስቴር፣ "መኪናው የሱ ነው። ጉልበቷም የሱ ነው?" አለችው።

ተሳቀ። ብርሃኑ ግን አልሳቀም። እኔን ሲጠይቁኝ፣ "ሁለታችሁም ልክ ናችሁ" ብዬ አቮካዶዬን ጠጣሁ። ፈሪ።

ከዚያ ብርሃኑ፣ "ለማንኛውም ወሬ አቀባዩ ታውቋል፤ ሾፌሩ ጋሽ ወልዴ ናቸው። ሰውዬውን መናኸሪያ ድረስ የሸኙት እሳቸው ናቸው" አለ። ዛሬ ጠዋት አቶ ሽፈራው የቡድኑን ሚኒባስ ቁልፍ ተቀብለዋቸዋል።

ረቡዕ

ያላደረግኩት፦ ፈተና አላረምኩም። ምሳ አልበላሁም። ጋሽ ወልዴ ጋ አልሄድኩም።

ይልቅ ምህረትን ልጠይቅ ሄድኩ፣ አክስቷ ቤት። ጽሑፉን አንብባዋለች። ደስ ይላታል ብዬ ነበር።

"ከተማው ሁሉ ስለ ጉልበቴ ያወራል፤ እኔን የጠየቀኝ አለ? አሰልጣኙ ትችያለሽ ወይ ሲለኝ እችላለሁ ያልኩት እኔው ነኝ።"

"አቶ ሽፈራው አጠገብሽ ቆመው ነበር" አልኳት።

ክራንቿን ወደ ራሷ ስባ፣ "እሳቸው ቆመው እያዩኝ አልችልም ልበል?" አለች። ለኔ ይሁን ለራሷ እንጃ።

ሐሙስ

ሄድኩ። ጋሽ ወልዴ የጓሮ አጥራቸውን እየጠገኑ ነበር። ሰላምታ እንኳ ሳልጨርስ፣ "የነገርኩት እኔ ነኝ" አልኳቸው።

"አውቃለሁ። ሰውዬው መኪና ውስጥ፣ መዝጋቢዋ ጎበዝ ናት አለኝ።"

"ታዲያ ለምን አልተናገሩም?"

"አንተ ነህ ወይ ሲሉኝ አይደለሁም አልኩ። ማን ነው ሲሉኝ ደግሞ የኔ ሥራ መንዳት ነው አልኩ።" ሚስማር አቀብዪኝ አሉኝ። አቀበልኳቸው።

ዓርብ

ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ልምምድ ሜዳ። አቶ ሽፈራው ብቻቸውን ቆመው ነበር። ነገርኳቸው።

"ለምን መጀመሪያ ለኔ አልነገርሽኝም?"

"ነግሬዎታለሁ። ልጅቷ እያነከሰች ነው ስልዎት፣ አንቺ ነጥብሽን መዝግቢ አሉኝ።"

ያስታወሱት መሰለኝ። ፊታቸውን ወደ ሜዳው አዙረው፣ "ከነገ ጀምሮ ጠረጴዛው ላይ እንዳላይሽ" አሉ።

"እሺ። የጋሽ ወልዴን ቁልፍ ግን ይመልሱላቸው።"

ወደ ቤት በእግሬ ተመለስኩ። በጣም ራበኝ።

ቅዳሜ

ሚኒባሱ መጣ። መሪውን የያዙት ጋሽ ወልዴ ናቸው።

ጠረጴዛው ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል። እኔ ከብርሃኑና ከአስቴር መሀል ተቀመጥኩ። ብርሃኑ ሰምቷል፤ እስከ እረፍት አላናገረኝም። ከዚያ ሳልጠይቀው እጄ ላይ ቆሎ አፈሰሰልኝ።

አቶ ሽፈራው ተጠባባቂዎች ጋ አልነበሩም። ከእኛ ፊት፣ ተመልካች መሀል ተቀምጠዋል። አስቴር ጆሮዬ ላይ፣ "ጽሑፉ ሠራ" አለች። ብርሃኑ ሰምቷት፣ "ራሳቸው ፈልገው ነው! ማንም አላስገደዳቸው!" አለ። እንደገና ተጀመረ።

በሦስተኛው ሩብ በምህረት ቦታ የገባችው ሰላም ወደቀች። ቁርጭምጭሚቷን ይዛ ቆይታ እያነከሰች ተነሳች። አሰልጣኙ መጀመሪያ የአቶ ሽፈራውን ባዶ ወንበር፣ ቀጥሎ ወደ ላይ እሳቸውን አየ። እሳቸው ስልካቸው ላይ አቀርቅረዋል። ከኋላቸው ስለሆንኩ ይታየኛል፤ ስልኩ አልበራም። አሰልጣኙ በራሱ ውሳኔ አስወጣት።

በአራት ነጥብ ተሸነፍን።

ማታ ምህረት ደወለች። ውጤቱን ነገርኳት። ስለ ሰላም ጠየቀችኝ።

"አሰልጣኙ ወዲያው ነው ያስወጣት። ደህና ናት" አልኳት።

"ጥሩ" ብላ ዘጋችው። ደስ ብሏት ይሁን ከፍቷት ከድምጿ መለየት አልቻልኩም።