የ217 ክዳኖች

ኡጁሉ፣ የእኔ እልኸኛ፣

ከተለየኸኝ ሰባት ወር ሊሞላ ነው። ደህና ነህ ወይ አልልህም፤ ደህናማ ብትሆን እዚህ ነበርክ። ይልቅ የምናዘዘው ነገር አለኝ። ትእዛዝህን ሁለት ጊዜ ጥሻለሁ፤ ይቅርታም አልጠይቅህም።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። የስፌት ሱቄን ከገበያው ጀርባ ወደ አስፋልቱ ዳር አወጣኋት። ባጃጁ አቧራውን ጨርቄ ላይ ያራግፍብኛል፣ እኔም እሳደባለሁ። ትነዳው የነበረው የእርዳታ መኪና አሁንም ጠዋት ጠዋት ወደ ትየርኪዲ የስደተኞች ጣቢያ ሲወጣ በበራችን ያልፋል። አዲሱ ሾፌር ጡሩምባ ይነፋልኛል፤ ቀና ብዬ አላየውም። እሱ ምን አጠፋ? የዚያን መኪና ዘይት እያየህ ወድቀህ የቀረኸው አንተ ነህ። የሞተ ተጎዳ ይላሉ፤ ማን እንደተጎዳ እኔን ይጠይቁኝ።

ቡፌውም እንዳለ ነው። ለሰርጋችን የተሰጡኝን ብርጭቆዎች አስወርደህ ተገጣጣሚ የፕላስቲክ የጦር ታንኮች ያሰለፍክበት ቡፌ! ዘጠኙም ቦታቸው ላይ ናቸው። ያቺ ፈረንጅ ባልደረባህ ከእረፍት በተመለሰች ቁጥር አንድ ካርቶን ታመጣልህ ነበር። አንተም ጢምህ ሸብቶ እንደ ልጅ መሬት ላይ ተዘርግተህ ቁርጥራጩን ስታጣብቅ ትውላለህ። የቅንድቤን ወረንጦ እንኳ ወስደህብኝ ቀረህ። አሁን ወረንጦው እጄ ገብቷል፤ ቅንድቤን ግን አልነካሁበትም።

አንድ ጊዜ ላግዝህ ብዬ ያጠፋሁትን ታስታውሳለህ? በየታንኩ ላይ የፊቱን፣ የሾፌሩን ክዳን ብቻ ክፍት አድርገህ የላይኞቹን ሁለቱን ትዘጋቸዋለህ። እኔ ደግሞ ያምርልሃል ብዬ የላይኞቹንም ከፍቼ አጣበቅኳቸው። በወረንጦ ነቅለህ ጣልካቸው። ከዚያ ነገርከኝ። ጦር ሜዳ ላይ ታንካችሁ ሲመታ ሾፌሩ አንተ በፊቱ ክዳን ወጣህ፤ የላዩ አልከፈት አለ፤ ሦስቱ ጓደኞችህ ውስጥ ቀሩ። ስማቸውን የጠራህልኝ ያን ቀን ብቻ ነው። የሆነው እንዲህ ነው፣ አንቺ አታሳምሪው አልከኝ።

አሥረኛውን ሳትጨርሰው ሄድክ። ተቀብቷል፣ የጎኑ ቁጥር ብቻ ነው የቀረው። ያ ቁጥር እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ ነው፤ ወረቀቱን ውሃ ውስጥ ስትነክረው ይላቀቃል፣ ከዚያ በብሩሽ እያንሸራተትክ ታስቀምጠዋለህ። በበጋ የጋምቤላ ሙቀት ገና ጣት ላይ እያለ ያደርቀዋል። የባሮ ውሃ ደግሞ ከሥሩ ጭቃ ይተውበታል። ለዚህ ነበር ቁጥር ዝናብ ሲገባ፣ ከቆርቆሮው በወረደ ውሃ ብቻ የምትለጥፈው። እኔም በጋውን ሙሉ ጠበቅኩ። ዝናቡ ሲመጣ ባልዲ ደቀንኩ።

መሳቢያህን ስፈትሽ አንድ ፖስታ አገኘሁ። ከየካርቶኑ ትርፍ ቁጥሮች ተቆርጠው ተቀምጠዋል፤ ሁለት፣ አንድ፣ ሰባት። የዚያ የተመታው ታንካችሁ ቁጥር። ያቺን ቁጥር በቤቴ ማንም አይለጥፋት ብለኸኝ ነበር። ታዲያ ለምን ቆርጠህ አስቀመጥካት? አሥረኛው ላይ ለጠፍኳት። ትንሽ ዘመም ብላለች፤ ወንድ ከሆንክ መጥተህ አቃናት።

እሷን ስለጥፍ ነው ታላቅ ወንድምህ የገባው፤ ሁለት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎችና ባዶ ካርቶን ይዞ። የለቅሶው ድንኳን ሳይፈርስ ጀምሮ እንደወተወተኝ ነው። የጦር ዕቃ ነው እንቅልፍ የነሳው፣ በአማኝ ቤት አይቀመጥም፣ ይቃጠል ይላል። ክፉ ሰው አይደለም፤ በእንቅልፍህ ስትጮህ ሰምቷል። ግን በቁሜ አይሆንም! ካርቶኑን አስቀምጥና ና እይ አልኩት። ዘጠኙን አንድ በአንድ አሳየሁት። በዚህ በኩል ወንድምህ ወጣ፣ በዚህ በኩል ጓደኞቹ ቀሩ፤ የትኛውን ልታቃጥል ነው አልኩት። ለካ ለእሱ አልነገርከውም ኖሯል፤ ለገዛ ወንድምህ! ጎንበስ ብሎ ጣቱን በሾፌሩ ክዳን ሊያስገባ ሞከረ፤ አልገባለትም። ተመካክረን እንመለሳለን ብለው ወጡ። ይመለሱ፤ በሩ አይዘጋም፣ ቡፌው ግን ይቆለፋል። ካርቶኑን ረስቶት ሄደ፤ ክር አድርጌበታለሁ።

ሁለተኛው ጥፋቴ ከዚያ በኋላ ነው። ወረንጦውን አነሳሁና የ217ን የላይ ክዳኖች ነቀልኳቸው። ከፍቼም አጣበቅኳቸው። እንዲህ አልሆነም ልትለኝ ነው፤ አውቃለሁ። የሆነውን ዘጠኝ ጊዜ ሠርተኸዋል፣ ይበቃሃል። አሥረኛው የእኔ ነው።

ናፍቀኸኛል፤ ተናድጄብሃለሁም። ስምህን በጠራሁ ቁጥር የእነሱንም እጠራለሁ፤ ጌታሁንን፣ ኑሩን፣ ቶሎሳን። አንተ እየፈራህ አንዴ ብቻ የጠራሃቸውን እኔ ጮክ ብዬ እጠራቸዋለሁ፣ ጎረቤት ይስማ። ሙጫው ደርቋል ኡጁሉ። ያንን ክዳን ከእንግዲህ የሚዘጋው የለም፤ ይውጡ።

ሚስትህ አስቴር